የምግብ መኪና ለምትከፍተው ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ቢያመውም ታክሲውን አልተወም። እኔም የሆቴሉን ወጥ ቤት ከለቀቅሁ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ማዕድ ቤት አገለግላለሁ።

በስልክ የነገርከኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ከጓደኛህ ጋር ሂውስተን ላይ የምግብ መኪና ልትከፍቱ፣ የእኛን ወጥ ከሜክሲኮ፣ ከኮሪያና ከጣሊያን ምግብ ጋር ልታዋሕዱ አስባችኋል። ዝም ስላልኩህ የተቃወምኩ እንዳይመስልህ። ሐሳቡ ደስ ብሎኛል፤ የሦስት አገር ምግብ በአንድ ጊዜ መነሣቱ ግን አሳስቦኛል። ለዚህ ነው እዚህ ኒው ኦርሊንስ ስለማውቃት አንዲት መኪና ልጽፍልህ የተቀመጥኩት።

ባለቤቶቿ ባልና ሚስት ናቸው። ሚስቲቱ ላ ሴይባ ከምትባል የሆንዱራስ ወደብ የመጣች፣ ሆቴል አብራኝ የሠራች፣ እጇ የተባረከ ሴት ናት። ባልየው እዚሁ ከተማ ትሬሜ በሚባል ሰፈር የተወለደ ክሪዮል ነው፤ ክሪዮል የሚሏቸው ከፈረንሳይ፣ ከስፔንና ከአፍሪካ ዘር የተቀላቀሉትን የዚህ ከተማ ነባር ሰዎች ነው። መኪናዋ ብሮድ ጎዳና አካባቢ ስትቆም ግንበኛውም፣ ነርሷም፣ ባለ ታክሲውም ይሰለፋል። የሚሸጡት የሆንዱራስንና የክሪዮልን ምግብ አገናኝተው ነው።

ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብትለኝ ሙዝ ነው። በ1899 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ቫካሮ የሚባሉ ከሲሲሊ የመጡ ወንድማማቾች ከላ ሴይባ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሙዝ በመርከብ ማጓጓዝ ጀመሩ። ድርጅታቸው ኋላ ስታንዳርድ ፍሩት ተባለ። መርከቡም ሙዝ ብቻ አላመላለሰም፤ ሰውም አመላለሰ። ታሪኩ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። በ1954 የሙዝ እርሻ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ሆንዱራስን ያናወጡት በደል ስለበዛባቸው ነው። በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ያን አገር ሲያወድም ብዙ ሰው ተሰደደ። በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ስታሰጥም ደግሞ የሻገተውን ግድግዳ ከገነጠሉት፣ ጣሪያውን መልሰው ካቆሙት መካከል ብዙዎቹ ከሆንዱራስና ከሜክሲኮ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። እነሱ የሚያውቁትን ምሳ ፈለጉ፤ የምግብ መኪኖችም እየተከተሉ መጡ። ስለዚህ ይህች መኪና ስትነሣ ሁለቱ ሕዝቦች መቶ ዓመት ያህል ጎረቤት ሆነው ኖረዋል።

አሁን ወደ ድስቱ ልውሰድህ፤ ይህን በደንብ አንብብልኝ። የኒው ኦርሊንስ ሰው ሰኞ ሰኞ ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ይበላል። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለነበር፣ ቦሎቄው ቀስ ባለ እሳት ላይ ተጥዶ ሲንተከተክ እናቶች ልብሳቸውን ያጥቡ ነበር። ቦሎቄው ሌሊቱን ሲነከር ያድራል። ሽንኩርት፣ ሰለሪና አረንጓዴ የፈረንጅ ቃሪያ ይቁላላለታል፤ እነዚህን ሦስቱን ክሪዮሎች “ቅድስት ሥላሴ” ይሏቸዋል፤ እኔ ግን ስሙን በወጥ ቤት መጥራት ስለሚከብደኝ “ሦስቱ” እላለሁ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና የሎረል ቅጠል ይገባል። ሲበስል ባለሙያዋ ጥቂቱን ቦሎቄ በማንኪያ ጀርባ ከድስቱ ጎን ጋር እየጨፈለቀች መረቁን ታወፍረዋለች።

ሆንዱራስ ውስጥ ደግሞ ቀይ ቦሎቄው ሁሉም ተደቁሶ በሽንኩርትና በዘይት ይጠበሳል። ከስንዴ ሊጥ በተጋገረ ትኩስ ቂጣ ላይ ይቀባል፤ ቅባት ያለው ክሬምና ጠንካራ ጨዋማ አይብ ይጨመርበትና ይታጠፋል። ባሌአዳ ይሉታል። ታዲያ ሴትዮዋ ምን አደረገች? ባሏ የሚሠራውን የሰኞ ቦሎቄ ወስዳ፣ እሱ ጥቂቱን ከሚጨፈልቅበት ቦታ ቀጠለችና ሁሉንም ደቆሰችው፤ ጠብሳም በባሌአዳዋ ውስጥ አደረገችው። የመኪናዋ ስም የተጠራው በዚህ ነው። ሊጡን በመዳፏ ድቡልቡል አድርጋ ታሳርፈዋለች፤ ከዚያ በጣቶቿ እየወጠረች ታሰፋዋለች፤ ምጣዱ ላይ ሲወድቅ እዚህም እዚያም ፊኛ ያወጣል፤ ያን ጊዜ በባዶ እጇ ትገለብጠዋለች።

ቦሎቄው በክሪዮል ልማድ የዓሣማ ሥጋ ይገባበታል። ለእኔና ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግን ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻው አላት። ረቡዕና ዓርብ ስሄድ ገና ሳልናገር ክሬሙንና አይቡን ትታ በአቮካዶ ታጥፍልኛለች። አንተም ለጾመኛ የሚሆን ምግብ ሳታዘጋጅ መኪናህን እንዳታስነሣ።

ሁለተኛው ምግባቸው ጋምቦ የሚባለው የክሪዮሎች ወፍራም ሾርባ ነው። ባልየው ዱቄት በዘይት ያቁላላል፤ ሩ የሚሉት ይህ ነው። እጁን ሳያሳርፍ እያማሰለ ቸኮሌት እስኪመስል ይጠብቀዋል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየበት ደፍቶ እንደገና ይጀምራል። ሳየው የእኛ ቁሌት ትዝ ይለኛል፤ ሽንኩርቱን ያጣደፈ ሰው ወጡን በኋላ በምንም አያድነውም። ከዚያ ባሚያው ይገባል፤ ባሚያ በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን ጋር ወደዚህ አገር የመጣ ነው። በሩዝ ፈንታ ግን ማቹካ ያቀርባሉ። ማቹካ ማለት ትልቁን የሚቀቀለውን ሙዝ በእንጨት ሙቀጫ ወቅጦ የሚሠራ ነው። የጋሪፉናዎች ምግብ ነው፤ እነሱም እንግሊዞች በ1797 ከሴንት ቪንሰንት ደሴት ዛሬ የሆንዱራስ ወደሆነችው ደሴት ወደ ሮአታን ያጋዟቸው፣ የአፍሪካውያንና የሴንት ቪንሰንት ነባር ሕዝብ ዝርያዎች ናቸው። በአገራቸው ማቹካን ከዓሣና ከኮኮናት ወተት ሾርባ ጋር ይበሉታል። እንግዲህ ባሚያውም ሙቀጫውም አባታቸው አፍሪካ ነው፤ አንድ ሳህን ላይ ሲገናኙ ዘመድ ከዘመዱ ጋር ተቀመጠ እንጂ እንግዳ ነገር አልተፈጠረም።

ጋምቦው ውስጥ የኮኮናት ወተት አይጨምሩም። እኔም ለምን ብዬ ጠይቄአለሁ። ባልየው ሩው የሚሸፈንበት ነገር ሁሉ ይቅር አለኝ። ይህ መልሱ ከምግቡ ሁሉ ይልቅ ልቤን ገዝቶታል። ሁለቱም የራሳቸውን ወጥ ከነምክንያቱ ስለሚያውቁ፣ የት እንደሚያገናኙትና የት እንደማይነኩት ያውቃሉ።

ስለዚህ አባቴ፣ ኮሪያን ለጊዜው ተወው። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቷል ብለህ እንዳትከራከረኝ፤ ወታደሩ ዘመተ እንጂ ወጥ ቤታችን አልተጋባም። ሜክሲኮም ጥሩ ነው፤ ግን ሂውስተን ውስጥ እጁን የታጠበ ሁሉ ታኮ እየሠራ ነው። ጣሊያን ግን ሌላ ነው። ፓስታና ስጎ፣ ላዛኛም ጭምር በአዲስ አበባም በአስመራም ቤታችን ገብተው ሰንብተዋል፤ በጦርነትና በወረራ እንደገቡ አልረሳሁም፤ ሆኖም በርበሬ የገባበት ስጎ ዛሬ የእኛ ነው። የጾም ስጎ በምስር አድርገህ ጀምር፤ በፓስታም በእንጀራም ሞክረው። እሱ ሳይጣፍጥ ወደ ሌላ አትለፍ። ቁሌቱን ራስህ ሥራው፤ ጓደኛህ ይርዳህ እንጂ አይተካህ።

መኪናውን ከመግዛትህ በፊት ደግሞ የከተማህን ሕግ ጠይቅ። እዚህ ኒው ኦርሊንስ እስከ 2013 ድረስ የምግብ መኪና አንድ ቦታ ከ45 ደቂቃ በላይ መቆም አይችልም ነበር፤ ከምግብ ቤትም 600 ጫማ መራቅ ነበረበት። ጎረቤታችን ጀፈርሰን ፓሪሽ የሚባለው ወረዳ በ2007 ባወጣው ደንብ የታኮ መኪኖችን ከዋና ዋና ጎዳናዎቹ አስወጥቷል። ቆመህ የምትሸጥበትን ቦታ፣ ውኃ የምትሞላበትንና ቆሻሻ ውኃ የምትደፋበትን፣ የጤና ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዝ። ከጓደኛህ ጋርም ውል ሳትፈራረሙ አንድ ብር እንዳታወጣ፤ ወንድማማችነታችሁ የሚጠበቀው በዚያ ነው።

በርበሬና ኮረሪማ በሚቀጥለው ሳምንት በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። የመኪናዋን ዋጋ፣ የእያንዳንዳችሁን ድርሻና የምታስቡትን የምግብ ዝርዝር ጻፍልኝ። ዝርዝሩ ከአምስት ምግብ ከበለጠ እቆርጠዋለሁ።

የምትወድህ እናትህ
ከኒው ኦርሊንስ