ከአዲስ አበባ አስመራ ስንት ሰዓት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአፍሪካ ከተሞች መካከል ስላለው ርቀትና የበረራ ጊዜ ያወጣችሁትን ሠንጠረዥ አየሁት። «አዲስ አበባ – አስመራ፦ 700 ኪሎ ሜትር፣ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ» ይላል። ቁጥሩ ላይ ጠብ የለኝም። ግን በዚህ ቁጥር ዛሬ የሚሄድ ማን ነው?

አስመራ ከአዲስ አበባ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ናት። ካርታ ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጡ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እምብዛም አትልም። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጡት። የሰዓት ልዩነትም የላቸውም። በነገራችን ላይ 700 የአየሩ ነው፤ ሠንጠረዡ ይህን አይናገርም። በመኪና በደሴና በመቀሌ አድርጎ ከሆነ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጣርማ በርንና አምባ አላጌን በአውቶቡስ የወጣ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም።

የአየሩን መንገድ እኔም አውቀዋለሁ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በኋላ በረራው ሲጀመር ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሳ በአንድ ቀን ሁለት አውሮፕላን ነበር የተነሳው። እኔና እናቴ ግርግሩ ጋብ ሲል፣ በዓመቱ ሄድን። አክስቴ አስመራ ናት፤ ከ1990 ወዲህ ከእናቴ ጋር በዓይን አልተያዩም ነበር። የቀረበልንን ሳንጨርስ «ቀበቶ እሰሩ» ተባለ። እናቴ በመስኮቱ ወደ ታች አየችና «ይኼው ነው? ለዚች ነው ሃያ ዓመት የቆየነው?» አለች።

በረራው በነሐሴ 2016 መጨረሻ እንደገና ተቋረጠ። ጥፋቱ የማን ነው ወደሚለው አልገባም። ውጤቱን ግን አብረን እንደምር። ቀጥታ ከሌለ በሦስተኛ አገር መዞር ነው። በካይሮ በኩል እንበል። ከአዲስ አበባ ካይሮ 2 ሺህ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ሰዓት ያህል። ከዚያ ደግሞ ዞሮ ወደ ደቡብ፣ አስመራ ለመድረስ ሌላ 1 ሺህ 800። ድምሩ ከ4 ሺህ 200 ያልፋል፤ የቀጥታውን ስድስት እጥፍ ማለት ነው። የትራንዚቱን ጥበቃና የትኬቱን ዋጋ ገና አልነካሁም። ጉልበቷን ለሚያማት ለእናቴ ይኼ ጉዞ አይደለም፣ ቅጣት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሄደው በአስመራ በኩል ነበር። ያኔ አስመራ የካይሮ መንገደኛ ማረፊያ ነበረች። ዛሬ የአስመራ መንገደኛ ካይሮ ላይ ያርፋል።

እናንተን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ርቀቱ የአየር ይሁን የመኪና ጻፉልን። ከጎኑ ደግሞ «ቀጥታ በረራ አለ» ወይም «የለም» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ለአስመራ ብቻ ሳይሆን በሠንጠረዡ ውስጥ ላሉት ከተሞች ሁሉ።

ይህን የምጽፈው ዝም ብዬ ቁጥር ለማረም አይደለም። ሠንጠረዡን ከስልኬ ላይ ያየችው እናቴ ናት። መነጽሯን አወለቀችና «በረራው ተጀመረ እንዴ?» አለችኝ። አልተጀመረም አልኳት።

አንባቢያችሁ፣
ከገርጂ፣ አዲስ አበባ