የመጤው መስል ጠላት ትል ብቻ አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በጋዜጣችሁ ስለ መጤ ወራሪ ዝርያዎች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአብዛኛው ጠንቃቃ ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን የደቡብ አፍሪካን ዓለታማ የባሕር ዳርቻ በምሳሌነት ያነሣበት ክፍል እርማት የሚያሻው ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ጸሐፊው የሜዲትራኒያን መስል የተባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ በዚያ ዳርቻ የተንሰራፋው ጥገኛ ተውሳኮቹን በትውልድ ባሕሩ ጥሎ በመምጣቱ እንደሆነ ይገልጻሉ፤ ከዚያም አልፈው ተውሳኮቹን ከዚያው አምጥቶ በመልቀቅ ወረራውን መግታት እንደሚቻል ይጠቁማሉ። የመጀመሪያው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው።

መስል በሁለት ክፋይ ዛጎል ተከድኖ፣ ከራሱ በሚያወጣቸው ጠንካራ ክሮች ከዓለት ጋር ተጣብቆ፣ የባሕሩን ውኃ እያጣራ የሚመገብ እንስሳ ነው። በደቡብ አፍሪካ ደቡባዊ ዳርቻ ሀገር በቀሉ ቡናማ መስል ፔርና ፔርና እና በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሀገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የሜዲትራኒያን መስል ሚቲለስ ጋሎፕሮቪንሺያሊስ ጎን ለጎን ይኖራሉ። መጤው የበላይነት የሚይዘው ውኃው በሚሸሽበት ጊዜ ረዘም ላለ ሰዓት ለአየር በሚጋለጠው የላይኛው ክፍል ሲሆን፣ ሀገር በቀሉ ደግሞ ታችኛውን ይይዛል፤ በመካከል ሁለቱ ተደባልቀው የሚገኙበት ወገብ አለ።

የጸሐፊው አባባል የሚጸናው ትሬማቶድ በሚባሉት ጠፍጣፋ ትሎች ረገድ ነው። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያው ዳርቻ ፔርና በሁለት ዓይነት ትሬማቶድ ሲጠቃ መጤው ጎረቤቱ ነጻ ሆኖ ተገኝቷል። ፕሮክቴሰስ የተባለው ትል የሚኖርበትን መስል እድገት ያዘገያል፤ የቡሴፋሊድ ወገን የሆነው ደግሞ በመስሉ የመራቢያ አካል ውስጥ ተራብቶ ያመክነዋል። የመከነው መስል ሞቶ ቦታውን አይለቅም፤ ዓለቱን እንደያዘ፣ ውኃውን እያጣራ ይኖራል፣ ዘር ግን አይተካም። ስለዚህ በዓለቱ ላይ ያሉትን መስሎች ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ጉዳት ከቶ ሊያየው አይችልም።

መጤው ከእነዚህ ትሎች ያመለጠው ግን በተፈጥሮው የማይነካ ስለሆነ አይደለም፤ በሜዲትራኒያን ፕሮክቴሰስ ያጠቃዋል። ጸሐፊው ተውሳኩን እናምጣ ያሉትም ከዚህ ተነሥተው ይመስለኛል። ይሁንና የእነዚህ ትሎች የሕይወት ዑደት በመስል ብቻ አይፈጸምም። ቡሴፋሊድ ከመስሉ ወጥቶ ወደ ትንንሽ ዓሦች ይገባል፤ እነርሱን በሚበሉ ትልልቅ ዓሦች አንጀት ውስጥ ደርሶ እንቁላል ይጥላል። ከሌላ ባሕር የመጣ ትል ለየትኛው መስልና ለየትኛው ዓሣ እንደሚተርፍ ማን ዋስ ይሆናል? ቀድሞውኑ በትል እየመከነ ላለው ሀገር በቀል መስል ሌላ ዕዳ መጨመር እንዴት መከላከያ ሊባል እንደሚችል አይገባኝም።

ከሁሉ በላይ ጽሑፉ የዘለለው ሌላው ጥገኛ ነው። ዛጎልን እየቦረቦሩ በውስጡ የሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት አሉ፤ አብዛኞቹ ሳይኖባክቴሪያዎች፣ ማለትም እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በእነዚህ በኩል ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ይበልጥ የሚጠቃው መጤው ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ምክንያቱን የፔርና ዛጎል ውጫዊ መከላከያ ሽፋን የበለጠ ወፍራም ከመሆኑ ጋር ያያይዘዋል። የተቦረቦረ ዛጎል በቀላሉ ይሰበራል፤ እንስሳውም ዛጎሉን ለመጠገን አቅሙን ስለሚያባክን ሥጋው ይመነምናል፣ ከዓለት ጋር የሚያያዝበት ኃይልም ይደክማል። ይህ የሚደርሰው በሁለቱም ዝርያዎች ላይ ነው፤ መጤው ግን ከመነሻው ዛጎሉ ስስ፣ አያያዙም የላላ ስለሆነ ጉዳቱ ይከፋበታል። ቦርቧሪዎቹ ብርሃን ስለሚፈልጉ ጥላ በሌለበት ዓለት ላይ ይበረታሉ። ክፍት በሆነው ዳርቻ ደግሞ ማዕበሉ የዛጎሉን ሽፋን ፍቆ መንገዱን ይከፍትላቸዋል፤ የደከመውንም መስል ነቅሎ ይወስደዋል። ስለሆነም ፀሐይና ማዕበል በሚበረቱበት ስፍራ የወራሪው ግስጋሴ በራሱ ጥገኞች ሊገታ እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ።

ይህም ቢሆን የመጨረሻው ቃል አይደለም (ተፈጥሮ ለጋዜጣ አንቀጽ እንዲመች ሆና አልተሠራችም)። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው፣ የተቦረቦረ ዛጎል ጥቁርነቱ ለቆ ስለሚነጣ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፤ በውስጡ ያለው እንስሳም ካልተቦረቦረው ጎረቤቱ ያነሰ ይሞቃል። ብርቱ ሙቀት በሚመጣበት ጊዜ በጥገኛው የተጎዳው መስል ከጤነኛው የተሻለ የመትረፍ ዕድል ያገኛል ማለት ነው። አንድን ጥገኛ ጠላት ወይም ወዳጅ ብሎ ከመፈረጅ በፊት ዓለቱ ጥላ ያለው ይሁን የተራቆተ፣ ወቅቱስ ምን ያህል የሞቀ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጸሐፊው በጉዳዩ ላይ እንደገና የሚመለሱበት ከሆነ፣ መጤው ተውሳኮቹን ጥሎ መጣ ከማለት ይልቅ የትኛውን ጥሎ በየትኛው እንደተያዘ ቢገልጹልን፣ ተውሳክ አምጥቶ የመልቀቁንም ሐሳብ ቢተዉልን መልካም ነው። በዳርቻው ላይ የሚደረገው ክትትልም መስልን በመቁጠር ሳይወሰን የዛጎሉን ጉዳት የሚመዘግብ፣ ናሙናዎችንም ከፍቶ የመራቢያ አካላቸውን የሚመረምር ሊሆን ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ