የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ድምፅ ከወሬው ቀድሞ እንዲደርስ፦ የድጋፍ ጥሪ ከደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ በጎጃም የምትኖሩ፣ እንዲሁም ከጎጃም ወጥታችሁ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትገኙ ወገኖቻችንና ወዳጆቻችን፤

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራንና የኮምፒውተር ሙያተኞች ተሰባስበን፣ የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ሕዝቡን ማስተማር እንዲችሉ የሚያግዝ ሥራ ጀምረናል። እስከ አሁን ከየኪሳችን ባዋጣነው ገንዘብ ስንገፋው ቆይተናል፤ ከዚህ በላይ ግን ብቻችንን ልንዘልቀው ስለማንችል ይህን ጥሪ አቅርበንላችኋል።

ለሥራው ያነሣሣን አንድ ገጠመኝ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ተለይቶት አያውቅም። ከመካከላችን አንዷ ነርስ በምትከታተለው ቀበሌ፣ በክትባቱ ዋዜማ አንድ አጭር ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ አድሮ ኖሮ፣ በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት ሣጥኗን ይዛ ትምህርት ቤት ስትደርስ ከልጃገረዶቹ የሚበዙት ቀርተዋል። ቤት ለቤት ዞራ ወላጆቹን ለማስረዳት ሦስት ቀን ፈጀባት። አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ በነገርሽን!» አሏት። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ግን ቀበሌው ሁሉ በስሟ ይጠራታል፣ ልጆቹንም የከተበች እርሷ ናት። የሚታመነው ሰው በእግሩ ሲዳክር የማይታወቀው ሰው በስልክ ቀድሞ መግባቱ ነው ነገሩን ያከፋው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ያህል ሰው፣ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ አባይ በረሃ በተዘረጋው አገራችን ሁለት ሰው ያን ሁሉ ቤት በእግር ማዳረስ ምን ያህል እንደሚያደክም ለጎጃም ሰው መንገር አያሻም። ከላይ ተዘጋጅቶ የሚላከው የማስተማሪያ ጽሑፍም ቢሆን ለቆላውም ለደጋውም አንድ ዓይነት ነው። ቆለኛው የሚቸገረው በወባ ሲሆን ደገኛው ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለው። በዚያ ላይ ቋንቋው የቢሮ ነው፤ አጎበሩን ለእህል መሸፈኛ ያዋለውን ገበሬ «የተቀናጀ የትንኝ ቁጥጥር» በሚል ቃል ከማስተማር ይልቅ፣ የሚያውቃት ሠራተኛ በለመደው አነጋገር ብትቆጣው ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ልናስተምርበት ያሰብነው ዝሆኔ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ወረዳዎቻችን የሚታየው የእግር እብጠት በአብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ መነሻው ተሕዋስ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘው ቀይ አፈር ነው። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲያርስና ሲሄድ ከኖረ፣ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ዘልቀው የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳሉ፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል። በአንዳንድ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚታየው ለአፈሩ በቀላሉ የመጎዳት ባሕርይ በዘር ስለሚወረስ ነው፤ እንዲህ ካለው ቤተሰብ የተወለደ ልጅም ቢሆን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ ይድናል። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ ዛሬም በዝሆኔ ምክንያት የሚፈርስ እጮኛነት አለ፤ እግሩን ደብቆ ከማኅበርና ከዕድር የሚቀር፣ ቤተ ክርስቲያንም ከሰው ርቆ የሚቆም ወገን አለ። እንክብካቤው ደግሞ ውድ አይደለም። እግርን በየቀኑ በሳሙናና ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲተኙም እግርን ከፍ ማድረግ ነው። ሠራተኛዋ ገበቴውን አስቀምጣ እያጠበች የምታሳይበት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ከሦስት ገጽ ጽሑፍ ይልቅ ያስተምራል። የዓይን ማዝም እንዲሁ ነው፤ የዓይን ሽፋኑ ተቀልብሶ ፀጉሩ ሲወጋቸው በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶች፣ ቀዶ ጥገናው አጭር እንደሆነ ከሚያውቁት ሰው አንደበት ቢሰሙ የብዙዎቹ ፍርሃት ይቀል ነበር።

ኢንተርኔት ሳይኖር ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ስለቆየ ጥያቄውን እኛም ቀድመን ጠይቀነዋል። መልሱን ያገኘነው ከገበያ ነው። ወጣቱ ኔትወርክ ባይኖርም በገበያ ቀን ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ዘፈንና ፊልም ወደሚጫንበት ሱቅ ይሄዳል፤ ከጓደኛውም ዜንደር በሚባለው፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው መተግበሪያ ይቀባበላል። ስለዚህ ቪዲዮዎቹና የድምፅ መልእክቶቹ በመጠን አነስተኛ ሆነው ይዘጋጁና ኔትወርክ ባለበት በቴሌግራም፣ በሌለበት በእነዚሁ ሱቆች በኩል ይሰራጫሉ። ከአሁኑ ያነጋገርናቸው ባለሱቆች ያለ ክፍያ ሊጭኑልን ፈቅደዋል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችም የሠራተኛዋን ድምፅ ልጆቻቸው ከፍተው ያሰሟቸዋል።

ማንኛውም መልእክት ከመሠራጨቱ በፊት በጤና ጣቢያ ባለሙያ ይታያል። የታማሚ ፊትም ሆነ ስም አይወጣም። በስልክ መድኃኒት ማዘዝ ክልክል ነው፤ ጥያቄ ያለው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይመራል።

በመጀመሪያው ዙር ከ20 ጤና ኬላዎች የሚመጡ 40 ሠራተኞችን በደብረ ማርቆስ ለሦስት ቀን ለማሠልጠን አቅደናል። ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ ጥሩ ካሜራ ያለው አንድ ስልክ፣ ትንሽ ማይክ፣ ሚሞሪ ካርዶችና በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ቻርጀር ያስፈልጋል፤ መብራት የሌላቸው ጤና ኬላዎች ጥቂት አይደሉምና። ከዚህ ሌላ የስድስት ወር የኢንተርኔት ጥቅል፣ የሠልጣኞቹ ትራንስፖርት፣ ምግብና መኝታ አለ። ለአሠልጣኞች አበል ያልያዝነው ሆን ብለን ነው፤ የምናሠለጥነው እኛው ራሳችን ነን። ከስድስት ወር በኋላ በምናቀርብላችሁ ዘገባም የላይክና የተመልካች ቁጥር አንደረድርም፤ በክትባት ቀን የቀሩት ልጆች ቀንሰው እንደሆነና ለዝሆኔ እንክብካቤ ወደ ጤና ጣቢያ የመጡት ጨምረው እንደሆነ ከመዝገብ አይተን፣ ካልተሳካም አልተሳካም ብለን እንጽፋለን።

በገንዘብ መርዳት የምትሹ ይህን ጥሪ ያደረሰላችሁን የኮሚቴ አባል የሂሳብ ቁጥሩን ጠይቁት። ሂሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ትንሽ ነው ብላችሁ ለምታፍሩበት መዋጮም ሳይቀር ደረሰኝ ይሰጣል። ያገለገለ ስልክ ያላችሁም ባትሪው የሚይዝ ከሆነ በደስታ እንቀበላለን። ሥልጠናው ክረምቱ ወጥቶ መንገድ ሲደርቅ፣ ከመስቀል በኋላ ስለሚካሄድ ዕቃው እስከ ጳጉሜን ቢደርሰን ለማዘጋጀት ጊዜ እናገኛለን። ስልኩን ስትልኩ ፎቶዎቻችሁንና መልእክቶቻችሁን አጥፍታችሁ፣ የይለፍ ቃሉንም አንሥታችሁ፣ ከነቻርጀሩ ላኩልን።