ደብዳቤ ለልጄ፦ በብድር ገንዘብ አክሲዮን አይገዛም

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደም ግፊቴም ለጊዜው ወረድ ብሏል። ይህን በቴሌግራም በድምፅ ልልክልህ ነበር። ድምፅ ግን ሰምተህ ታልፈዋለህ። የተጻፈ ነገር ተመልሰህ ታነበዋለህ ብዬ ነው የጻፍኩት።

እሁድ ዕለት አክስትህ እታለም ከአሜሪካ ደወለችልኝ። እንዳትቆጣት፤ አስጨንቄ ያስወራኋት እኔ ነኝ። ሌሊት የነዳጅ ዋጋ ስታይ ታነጋለህ አለችኝ። የጦርነቱን ወሬ ሰምተህ የነዳጅና የጦር መሣሪያ ኩባንያዎች አክሲዮን ገዝተሃል። ነገሩ ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ከብሮከሩ፣ አክሲዮን ከሚያገበያይህ ድርጅት፣ ተበድረህ፣ የዕቁቡንም ገንዘብ ጨምረህበት ነው የገዛኸው። እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። በተበደርከው ገንዘብ አክሲዮን አትግዛ።

አክሲዮን የምጠላ ሴት እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን በ300 ብር ሲሸጥ ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን የገዛሁት ያለ ማንም ጉትጎታ ነው። ግን ከጡረታዬ ቆጥቤ ነው። ነገ ዋጋ ቢያጣ ሽሮዬን አልቀንስም፣ መድኃኒቴንም አላቋርጥም። ማንም መጥቶ በሬን አያንኳኳም።

የአንተ ግን ሌላ ነው። ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘብ ያገኘ ይመስለዋል። ያገኘው ብድር ነው። ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ በየወሩ ትጥላለህ። አክሲዮኑ ቢወድቅም ትጥላለህ፤ ከሥራ ቢቀንሱህም ትጥላለህ። ካልጣልክ የሚጠየቀው ዋስህ ነው። ዋስህ ማን ናት? እታለም ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሠራ የምትውል፣ ገና ስትሄድ ቤቷን የከፈተችልህ አክስትህ ናት። ይህን አስበኸው ነበር?

የብሮከሩ ደግሞ ይብሳል። ዕድሜዬን በባንክ ብድር ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በአሜሪካ ደንብ ብሮከሩ ለአክሲዮን መግዣ እስከ ግማሹ ድረስ ያበድርሃል፤ ማርጂን የሚሉት ብድር ይሄ ነው። 10 ሺህ ዶላር ካለህ 10 ሺህ ይጨምርልህና 20 ሺህ ዶላር ትገዛለህ። አክሲዮኑ 30 በመቶ ወረደ እንበል። ሃያው ሺህ 14 ሺህ ሆነ። ዕዳው ግን ያው 10 ሺህ ነው። ለአንተ የቀረህ 4 ሺህ ነው። ገበያው 30 በመቶ ሲወርድ አንተ 60 በመቶ ወረድክ ማለት ነው፤ ወለዱን ሳልቆጥር። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያንተ ድርሻ ከአክሲዮኑ ዋጋ 25 በመቶ በታች ሲሆን ገንዘብ ጨምር ትባላለህ። ብዙዎቹ ብሮከሮች እስከዚያም አይጠብቁም። ሳይነግሩህ ሊሸጡብህ ይችላሉ። የትኛውን አክሲዮን እንደሚሸጡ የሚመርጡትም እነሱ ናቸው። የፈረምከው ውል ላይ አለ፤ አውጥተህ አንብበው።

እኛ የሰው ቤት ለሐራጅ ከማውጣታችን በፊት ደብዳቤ እንጽፍ ነበር። ቀን እንሰጥ ነበር። ባለቤቱ መጥቶ አልቅሶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ጊዜ የሚራዘምለት ነበር። የአንተን ብድር የሚያስተዳድረው ኮምፒውተር ነው። ሽማግሌ አይቀበልም።

የታሪፉን፣ አሜሪካ በውጭ ዕቃ ላይ የጣለችውን ቀረጥ፣ ግርግር ታስታውሳለህ? በእናንተ 2025 ኤፕሪል 3 እና 4 ቀን፣ በሁለት ቀን ብቻ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች የአክሲዮን መለኪያ ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። 9 ቀን ላይ ደግሞ በአንድ ቀን 9 ነጥብ 5 በመቶ ወጣ። በራሱ ገንዘብ የገዛ ሰው ደነገጠ፣ ጠበቀ፣ ብዙው ተመለሰለት። በብድር ገዝቶ መሃል ላይ የተሸጠበት ሰው ግን፣ ገበያው ሲመለስ በእጁ አክሲዮን የለም።

ለእታለም «ጦርነት ካለ ነዳጅ ይወደዳል፣ ይሄ የታወቀ ነው» ብለሃታል። ልጄ፣ አንተ ያወቅከውን ሌላውም አውቆታል። አንተ ሥራ ቦታ ሆነህ ስልክህን እስክታወጣ ዋጋው ተሰቅሎ ይጠብቅሃል። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022፣ የኒውዮርክ ገበያ ጠዋት ወድቆ ማታ ከፍ ብሎ ነው የዘጋው። ብሬንት የሚባለው፣ የዓለም ዋጋ የሚለካበት ድፍድፍ ነዳጅ፣ በማርች መጀመሪያ በርሜሉ 139 ዶላር ደርሶ ነበር። ያን ቀን «ገና ይወጣል» ብሎ የገዛ ሰው፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በዲሴምበር ከ80 በታች አየው። በ2025 ጁን እስራኤልና ኢራን ሲታኮሱም ነዳጅ በአንድ ቀን 7 በመቶ ያህል ተወደደ። ተኩስ አቁም ሲባል ግን ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ከነበረበት ዋጋ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ የአሜሪካ አክሲዮን አዲስ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1991 የባህረ ሰላጤው ጦርነት የቦምብ ድብደባ ሲጀመርም እንዲሁ ነው፤ ነዳጅ በአንድ ቀን ሲሶ ዋጋውን አጣ። ጦርነቱን በትክክል የገመተ ሰው እንኳ ዋጋውን ይስታል።

ነዳጅ ሁልጊዜ ተመልሶ ይወርዳል ማለቴ ደግሞ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ1966ቱን እኔ በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ ወጥቶ እዚያው ቀረ። እሱን ካነሳሁ የአባባን፣ የአያትህን፣ ነገር ልንገርህ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት እያለ በጨረፍታ ሰምተኸዋል። ሙሉውን ግን አታውቀውም።

አባባ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አክሲዮን ነበረው። አዎ፣ ያኔም በአዲስ አበባ አክሲዮን ይሸጥና ይገዛ ነበር። በብሔራዊ ባንክ ሥር የሚያገበያይ ቡድን ነበር። አባባ ከደመወዙ እየቆጠበ የአንድ ፋብሪካ አክሲዮን ገዛ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ማኅተም አለው። በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። የትርፍ ድርሻ የተከፈለው ቀን ለእኛ ጫማ ይገዛልናል።

የመርካቶው ጋሼ ይህን አየ። የአባባ የአክስት ልጅ ነው፤ ፎቶው ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለው፣ ባለ ኮፍያው። ጎበዝ ሰው ነበር፣ ከአባባ ይልቅ ንግድ ያውቃል። እንደ አባባ ጥቂት በጥቂት መግዛት አልፈለገም። ከአንድ ነጋዴ ወዳጁ ብዙ ብር ተበድሮ ባንዴ ገዛ። የሚያከራየው ቤት ነበረው፤ በኪራዩ ዕዳውን እከፍላለሁ አለ። ሂሳቡ ትክክል ነበር። ይህን ልብ በልልኝ፣ የጋሼ ሂሳብ ትክክል ነበር።

ከዚያ ግብፅና ሶርያ ከእስራኤል ጋር ተዋጉ። የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉ፣ የዓለም ዋጋ አራት እጥፍ ሆነ። አዲስ አበባ ቤንዚን ተወደደ። የካቲት 1966 የታክሲ ሾፌሮች አድማ መቱ። የወሎ ረሃብ ነበረ፣ ሌላም ብዙ ብሶት ነበረ፤ አስተማሪው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ተነሳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ታኅሣሥ ላይ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። ጥር ላይ ፋብሪካዎቹ ተከተሉ። በሬዲዮ ነው የሰማነው። አባባ ምንም አላለም። ሬዲዮኑን ዘጋና እናቴን እራት አቅርቢ አላት። በማግስቱ እንደ ወትሮው ሥራ ገባ። ያ ዓመት ጫማ የለም፤ ግን በላን፣ ተማርን።

ጋሼ ግን ቤቱ ቀርቶለት ነበር። ሐምሌ 19 ደግሞ ትርፍ ቤት ተወረሰ።

አክሲዮኑ ተወረሰ፣ ቤቱ ተወረሰ። ዕዳው አልተወረሰም። አበዳሪውም ክፉ ሰው አልነበረም። የእሱም ንብረት ሄዷል፣ የሚያበላቸው ልጆች አሉት፣ ገንዘቡን ይፈልጋል። ጋሼ የሚስቱን ወርቅ ሸጠ። ያ አልበቃ ሲል የበኩር ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ሥራ አስገባው። ያን ልጅ ታውቀዋለህ። ኮተቤ ያለው ጋሼ ነው፤ ሰርግ ላይ ትንሽ ሲቀምስ «እኔ እኮ ብማር ኖሮ» እያለ የሚያለቅሰው። እናንተ ልጆቹ ትስቁበት ነበር። ከእንግዲህ እንዳትስቅበት።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አባባን አለመጠየቄ ነው። ወንድሙ ሲበደር እያየ «ተው» ብሎት ነበር? ወይስ አፍሮ ዝም አለ? አባባ ካረፈ በኋላ ወረቀቱን ብንፈልግ እንኳ አላገኘነውም። ተናግሮት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ለአንተ ተናግሬአለሁ፦ በተበደርከው ገንዘብ አክሲዮን አትግዛ።

ይሄ የደርግ ዘመን ነው፣ ዛሬ እንዲህ የለም እንዳትለኝ። ሞስኮ ዛሬ ናት። የዩክሬን ጦርነት የጀመረ ቀን የሞስኮ አክሲዮን በአንድ ቀን ሲሶ ያህል ወደቀ። በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ገበያው ተዘግቶ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የተከፈተ። የውጭ አገር ባለአክሲዮኖች ሲከፈትም መሸጥ አልተፈቀደላቸውም። «አሜሪካ እንደዚያ አይሆንም፣ የአሜሪካ ገበያ ሁሌ ይመለሳል» ትለኝ ይሆናል። እስካሁን ተመልሷል፣ እውነት ነው። ግን ያ ጋሼን ያጠፋው የነዳጅ ዘመን የኒውዮርክንም ገበያ በግማሽ ያህል አውርዶት ነበር። በእናንተ አቆጣጠር ከ1973 መጀመሪያ ዋጋው ላይ ተመልሶ የደረሰው በ1980 ነው። ባለዕዳ ሰው ያን ያህል የሚጠብቅበት አቅም ከየት ያመጣል?

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ገበያ በተከፈተ የመጀመሪያው ቀን የማርጂኑን ዕዳ የሚያህል ሽጥ። አትርፈህም ይሁን ከስረህ፣ ሽጥና ክፈል። «ትንሽ ይውጣና» አትበል፤ ብድር ክፍል የመጣ ሰው ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚለን። ከስረህ ከሸጥክ ኪሳራውን መዝግበው። ታክስ ስትሠራ ከሌላ ትርፍህ ጋር ይቻቻላል፤ ከዚያ ካለፈም በዓመት እስከ 3 ሺህ ዶላር ከገቢህ ላይ ይቀነስልሃል። ከዚያ ማርጂኑን ጭራሽ ከአካውንትህ አዘጋው። የዕቁቡን ገንዘብ አውጥተህ ለብቻው ባንክ አስቀምጠው፤ ለእታለምም አንተው ራስህ ንገራት። የጥቂት ወር የቤት ኪራይ በእጅህ ሳይኖር አክሲዮን የሚባል ነገር አታስብ። መሥሪያ ቤትህ 401 ኬ በምትሉት የጡረታ ቁጠባ ላይ የሚጨምርልህ ካለ እሱን አሟልተህ ውሰድ። የተረፈችህን ትንሽ ገንዘብ በየወሩ ብዙ ኩባንያ ያለበት ኢንዴክስ ፈንድ ላይ አድርጋት፤ ጦርነት ቢኖርም ባይኖርም። የስልክህን የዋጋ ማሳወቂያ አጥፋውና ተኛ።

ለእኔ የምትልከውን ዕዳህን እስክትጨርስ አቁም። አልቀየምህም። ጡረታዬም የቤቱ ኪራይም ይበቃኛል። ተደብቀህ ብትልክ ግን እቀየምሃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በልቤ ይዤ አልቀርም። የጦር መሣሪያ ኩባንያ አክሲዮን መግዛትህ አልተመቸኝም። ሕግ አይከለክልም፣ አውቃለሁ። ግን የጎረቤታችን የእትዬ ልጅ ከጦርነት ሳይመለስ ቀርቶ ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ ተቀምጠናል። አንተም ደውለህ አልቅሰሃል። የሰው ልጅ ባለቀ ቁጥር «ወጣልኝ» ብለህ እንድትደሰት አልፈልግም። ይህን እንደ እናት ነው የምልህ፤ ውሳኔው የአንተ ነው። የብድሩ ግን ውሳኔ አይደለም፣ ትዘጋዋለህ።

ልጄ፣ ለምን እንደቸኮልክ ይገባኛል። ቤት መግዛት ትፈልጋለህ፣ እኔንም መውሰድ ትፈልጋለህ። እኩዮችህ ገዝተዋል። ማንም አላስቸኮለህም፤ እኔ የትም አልሄድም፣ እጠብቅሃለሁ። አንተን ያለ ዕዳ በአንድ ክፍል ቤት ባይህ ይሻለኛል።

በርበሬና ሽሮ ልኬልሃለሁ፤ ቅዳሜ ከእታለም ቤት ውሰድ። ባዶ እጅህን አትሂድባት።

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ደውልልኝ፤ እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ። የማርጂኑ ዕዳ ስንት እንደነበረ፣ ስንት እንደከፈልክ፣ ስንት እንደቀረ ንገረኝ። «ደህና ነው እማዬ» አትበለኝ፤ ቁጥሩን ነው የምፈልገው።

እናትህ