ለሙዚቃ አድማጮች ቡድን አባላት፦ የቅዳሜው የዩፎ ክለብ ዝግጅት

ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ቅዳሜ ርእሳችን ዩፎ የተባለው የለንደን የሙዚቃ ምሽት ክለብ ነው። ሙዚቃውን እየሰማን የክለቡን ፈሳሽ የቀለም ብርሃን (በባለቀለም ውኃና ዘይት ውስጥ አልፎ የሚንቀሳቀስ ብርሃን) ራሳችን ግድግዳ ላይ እንሠራለን። ቦታው የተለመደው አዳራሽ ነው፤ በ10 ሰዓት (በእንግሊዝ አቆጣጠር 4) እንጀምራለን።

ለአዲሶች፦ ጆን ሆፕኪንስና ጆ ቦይድ ክለቡን የከፈቱት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1966 ቶትንሃም ኮርት ሮድ ላይ፣ ምድር ቤት ባለ የአይሪሾች ዳንስ አዳራሽ ነበር። በ1967 ጋዜጣ ሲያብጠለጥለው አከራዩ አስወጣው። ራውንድሃውስ ወደሚባል አዳራሽ ቢዛወርም ወጪው ከብዶት ኦክቶበር ላይ ተዘጋ። ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ፒንክ ፍሎይድና ሶፍት ማሽን የተባሉት የሮክ ባንዶች ግን ስም ያወጡት እዚያ ነው።

ለብርሃኑ ከታች የሚያበራ ፕሮጀክተር አለን። የሚጎድለው፦ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ሁለት ጎድጓዳ የመስታወት ሳህኖች፣ የምግብ ቀለም፣ ጠርሙስ የምግብ ዘይት፣ ብዙ ጨርቅ። ፕሮጀክተሩ ላይ በሚቀመጠው ትልቁ ሳህን ቀለም የገባበት ውኃ 3 ሾርባ ማንኪያ፣ ዘይት 2 ማንኪያ ይደረጋል፤ ትንሹን ከላይ አስቀምጦ በሙዚቃው ምት ቀስ እያሉ መጫን ነው። ከዚህ በላይ ከተሞላ ፕሮጀክተሩ ላይ ይፈሳል፤ ኤሌክትሪክ ነውና ቀልድ የለም። ሳህኖቹን በደንብ አለቅልቋቸው፤ ሳሙና ከቀረ ዘይቱና ውኃው ተቀላቅለው ይደፈርሳሉ። ቀለሙን አታብዙት፣ ብርሃን አያሳልፍም።

ማን ምን እንደሚያመጣ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። ራውንድሃውስ ዛሬም ለንደን ቻልክ ፋርም ላይ እየሠራ ነው፤ በሚቀጥለው ወር አብረን ሄደን እንየው ወይስ ይቅር? እሱንም አብራችሁ መልሱ።