ዕቃ ስትሰጡን ታሪኩንም አብራችሁ ስጡን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በጋዜጣዎ ላይ ስለ ጎንደር የሚወጡትን ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት ስከታተል የኖርኩ፣ በዚሁ ከተማ ታሪክ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጽሑፎቹ በአብዛኛው የሚያተኩሩት በፋሲል ግቢ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎችና በቁስቋም ላይ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይም የነገሥታት መናገሻ የነበረች ከተማ በግንቦቿ ብትነሣ የሚያስገርም አይደለም። ዛሬ ልጽፍልዎ የፈለግሁት ግን ከግንቡ አጥር ውጭ ስለኖረው ሕዝብ፣ ይልቁንም የዚያን ሕዝብ ዕቃ በሁለት ክፍል ይዛ ስለምትገኝ አንዲት አነስተኛ የሰፈር ሙዚየም የአንድ ዓመት ሥራ ነው።

ሙዚየሟ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሕንፃ የላትም። አንድ ቤተሰብ በፈቃዱ የለቀቀልን፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። የምንሠራባት አምስት ሰዎች ስንሆን ሁላችንም ደመወዝ የለንም፤ ሁለት ጡረተኛ መምህራን፣ አንድ ሸማኔና ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። የያዝነው የሸማኔ መወርወሪያ፣ ጋንና እንስራ፣ ሙዳይ፣ ፋኖስ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የፈረሰ ዕድር መዝገብ፣ ደብዳቤዎችና ብዙ ፎቶግራፎች ናቸው። ንጉሥ የነካው ዕቃ የለንም፤ ሕዝቡ ግን እነዚህን ሁሉ በእጁ ይዞ ኖሯል።

ዓመቱ የጀመረው በአደጋ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። በመስከረም ከክረምቱ በኋላ ሣጥኖቹን ስንከፍት ጣራው በአንድ በኩል ማፍሰሱንና ውኃው በግድግዳው ተንሸራቶ መደርደሪያው ላይ መውረዱን አየን። ከሸክላው አንድም አልተሰበረም፤ ብረቱም ቢሆን ከጥቂት ዝገት በስተቀር ደኅና ነበር። የጠፋው በየዕቃው ላይ በክር ያሰርኳቸው ወረቀቶች ጽሑፍ ነው። በስክሪብቶ የጻፍኳቸው ስለነበሩ ቀለሙ ርሶ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። የእያንዳንዱ ዕቃ ታሪክ በዚያች ብጣሽ ወረቀት ላይ ብቻ ነበርና፣ በአንድ ክረምት ከስድሳ የሚበልጡ ዕቃዎች ከየት እንደመጡና የማን እንደነበሩ የማይታወቁ ሆነው ቀሩ። ሌላ መዝገብ አላዘጋጀሁም ነበር። ተማሪዎቼን ለሠላሳ ዓመታት ማስታወሻ ያዙ ስል የኖርኩ ሰው ይህን አለማድረጌ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የዓመቱ ዋና ሥራችን አዲስ ዕቃ መሰብሰብ መሆኑ ቀርቶ ያለንን ዕቃ እንደገና መጠየቅ ሆነ። ዕቃውን ወደ ሰጡን ሰዎች ቤት እየሄድን፣ ቡና እየጠጣን፣ አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። አንዳንዶቹ በመካከሉ ዐርፈው ነበር፤ የእነርሱ ዕቃዎች ዛሬም ስም የላቸውም። በሕይወት ካሉት ያገኘነው ግን መጀመሪያ ከጻፍነው እጅግ የበለጠ ነበር፤ ቀድሞ የጠየቅነው «ይህ ምንድን ነው?» ብቻ ነበርና። አሁን መዝገባችን ዕቃው በዚያ ቤት ምን ይባል እንደነበር፣ ማን ሠራው ወይም ማን ገዛው፣ ለምን ያገለግል ነበር፣ መቼና ለምን አገልግሎቱን አቆመ፣ ይህን የነገረን ማን ነው፣ በየትኛውስ ቀን ነገረን ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሦስተኛው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ጠገራ ብር አለን። ጠገራ ብር በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ የሆነ ብር ነው። ላዩ ላይ የሚነበበው 1780 የሚለው ዓመት ንግሥቲቱ ያረፈችበት እንጂ ያ ብር የተመታበት አይደለም፤ ከእርሷ ሞት በኋላም በዚያው ዓመት ምልክት ለረጅም ጊዜ ሲመታ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ያለው በላይኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ የብር ቀለበት የተበየደበት ሲሆን የንግሥቲቱ ፊት በአንድ በኩል እስኪለሰልስ ድረስ ታሽቷል። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የጻፍኩት «ጠገራ ብር፣ ለጌጥ የዋለ» ብቻ ነበር። ዘንድሮ የሰጡንን እሜቴ ደግመን ስንጠይቃቸው የነገሩን ሌላ ነው። ብሩ የአያታቸው የጥሎሽ ገንዘብ ነበር። አያታቸው በአንገታቸው አንጠልጥለውት ገበያ ሲወጡ ሰው ገንዘብ መያዛቸውን እንዲያይ በነጠላ አይሸፍኑትም ነበር፤ የማያውቁት ነጋዴ በዱቤ እንዲሰጣቸው ሲፈልጉም ያን ብር በአውራ ጣታቸው ያሹ ነበር። የለሰለሰው ጎን የዚያ አውራ ጣት ሥራ ነው። ይህ በመዝገብ ከሠፈረ በኋላ ወደ ሙዚየሟ የሚመጡ ልጆች ሁሉ ያንን ጎን እናያለን ብለው ይጠይቃሉ።

ሌላው የአንዲት ጀበና ነገር ነው። ጥቁር፣ አፏ ጥቂት የተሸረፈ ተራ ጀበና ናት፤ ገበያ ብትወጣ ማንም ዞሮ አያያትም። የሰጡን አባት እንደነገሩን እናታቸው በከተማችን አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር በስተዚህ የሚኖሩ ሲሆኑ ጀበናዋን የሠራቻት ቤተ እስራኤላዊት ጎረቤታቸው ነበረች። ያች ሴት ከቤተሰቧ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄዳ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከተወሰዱበት ጉዞ ጋር አገሯን ለቀቀች። ስትነሣ ጀበናዋን «ስመለስ እጠጣበታለሁ» ብላ ለጎረቤቷ ሰጠች። እናትየው እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን ቡና አላፈሉባትም፤ አደራ ነውና። ይህ ባይነገረን ኖሮ እኛም «ጀበና፣ የወለቃ ሥራ» ብለን ጽፈን በዚያው ባለፍነው ነበር።

የጤና ኮሌጁን ታሪክ የሚመለከት አንድ የቆዳ ቦርሳም አለ። በደንብያ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን፣ ማሠልጠኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ቦርሳው ከዚያ የወጡ የአንድ ሳኒታሪያን ነበር። በውስጡ በእርሳስ የተሣለ የመጸዳጃ ጉድጓድ ንድፍ ተገኝቷል፤ ልጃቸው እንደነገሩን አባትየው በየገጠሩ ሲሄዱ ያንን ወረቀት በመሬት ላይ ዘርግተው ገበሬውን በዙሪያው አስቀምጠው ያስረዱ ነበር። በአራቱም ጠርዝ ያለው አፈር ወረቀቱ ላይ ድንጋይ ሲጫንበት የቀረ ነው። አላጸዳነውም፤ እንዲጸዳም አልፈቅድም።

በጥር ለጥምቀት ከተማው እንደ ወትሮው ሞላ፤ በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ብዙ የሚነገርለት ስለሆነ ስለ እርሱ ብዙ አልልም። እኛ ለሦስት ቀናት በራችንን ከፍተን ስማቸው ያልታወቁ ፎቶግራፎችን ብቻ በገመድ ላይ ሰቀልን። የውጭ ጎብኚ እግር ባጠረበት በዚህ ወቅት የመጡት ከየቦታው ለበዓሉ የተሰበሰቡ የከተማው ተወላጆች ነበሩ፤ ለእኛ የሚያስፈልጉንም እነርሱ ነበሩ። አንዲት እናት ከአንዱ ፎቶ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ይቺ እኮ እናቴ ናት፤ እኔን አርግዛ ነው» አሉ። ቤታቸው የእናታቸው ምስል አልነበረም። ፎቶውን አስባዝተን ሰጠናቸው፤ እርሳቸውም በፎቶው ላይ ያሉትን የሰባት ሰዎች ስም ከነዝምድናቸው ነገሩን።

ግንቦት 10 ቀን፣ የዓለም የሙዚየም ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ በአቅራቢያችን ያሉ ተማሪዎችን ስንጋብዝ ዕቃ ይዛችሁ ኑ አላልናቸውም። ዕቃው በቤታችሁ ይቀመጥ፤ እናንተ ከአያቶቻችሁ ዕቃ አንዱን መርጣችሁ ታሪኩን ጽፋችሁ ኑ አልናቸው። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እኔን የበለጠ ያረካኝ ይህ ነው፤ ሙዚየም የሰውን ቤት ባዶ እያደረገ ሊሞላ አይገባውምና።

ለዓመታት ለተማሪዎቼ በቁጭት የማስተምረው አንድ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ላይ ለወራት ሰፍሮ ነበር። በዚያን ጊዜ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ተነሥተው በምትካቸው አብሮ የመጣ ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተለጠፉ፤ የጥንቶቹ ሥዕሎች ዛሬም ፓሪስ ይገኛሉ። ቁጭቴ አሁንም አልቀነሰም። ይሁን እንጂ ዘንድሮ መዝገቡን ስሠራ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ያ ቡድን የሰበሰበውን ዕቃ ስሙን፣ የተገኘበትን ቦታና አገልግሎቱን በካርድ ላይ እየጻፈ ነበር የሚያስቀምጠው። እነርሱ የወሰዱትን የጻፉትን ያህል እኛ የቀረንን አልጻፍንም። የተወሰደው ይመለስ ብለን በትክክል ስንጠይቅ፣ በእጃችን ያለው ከነስሙ እንዳለን ማሳየት መቻል አለብን።

ስለዚህ በጋዜጣዎ በኩል የጎንደርን ቤተሰቦች የምለምነው ገንዘብ አይደለም። አሮጌ ዕቃ ለደላላ ከመሸጣችሁ ወይም ለእኛም ቢሆን ከመስጠታችሁ በፊት፣ በቤቱ በዕድሜ የገፉትን ሰው አስቀምጣችሁ የዕቃውን ነገር ጠይቁ፤ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ፎቶግራፍ ካላችሁ ከጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ፤ ስክሪብቶ ወረቀቱን ይጎዳል፤ ሲርስም ይጠፋል። በፌስታል ውስጥ አትቋጥሩት፤ እርጥበቱን ይዞ ያሻግተዋል። እኛም ከስሕተታችን ተምረን አሁን በዕቃው ላይ የምናኖረው ቁጥር ብቻ ነው፤ ታሪኩ በሁለት መዝገብ ተጽፎ ሁለቱ መዛግብት በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጣሉ።

በመጨረሻም ክቡር አዘጋጅ፣ ቦታ ከፈቀደልዎ እስካሁን ማንም ያላወቃቸውን ሁለት ፎቶግራፎች በቃል ልግለጽ፤ ከአንባቢዎችዎ አንዱ ሊያውቃቸው ይችላል። በመጀመሪያው ላይ አምስት ልጃገረዶች ፒያሳ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አራቱ የተማሪ ልብስ ለብሰዋል፤ አምስተኛዋ ግን የሀገር ልብስ ለብሳ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ከጀርባው «ለእኅቴ፣ እንዳትረሽኝ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ስም የለውም። በሁለተኛው ላይ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ከአንድ የልብስ ስፌት መኪና ጎን ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ የተኛው ሕፃን የግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የሚያውቃቸው ሰው ካለ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሙዚየሟ ስለምንገኝ ይምጣልን፤ መምጣት የማይችልም ለጋዜጣዎ ይጻፍ፣ እርስዎም ያድርሱልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ጎንደር