የሙዚቃ ክበብ፦ አንድ ዘፈን በባቲ ቅኝት

የሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ሥራ አልሠራም። ለሰንደቅ ዓላማ ቀን መዝሙር አዘጋጀን፤ በጥያቄና መልስ ውድድሩ መሀልም ትንሽ ተጫወትን። የቀረው ጊዜ የሄደው በአንድ ዘፈን ነው። ቢሄድም አልቆጨኝም።

ዘፈኑ ባለፈው ክረምት በሕመም ላጣነው የክበባችን ክራር ተጫዋች ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የግቢው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

መስከረም ላይ ገና ስንሰበሰብ ቅኝቱ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚቃኝበት የድምፆች አደራደር፣ ክርክር አስነሳ። ወሎ ተቀምጦ በቅኝት መከራከር መቼም ብርቅ አይደለም። አምባሰልና ባቲ የቅኝትም የቦታም ስሞች ናቸው፤ አምባሰል ጎረቤታችን ነው፤ ባቲም ሰኞ ገበያ ደርሰን የምንመጣባት ከተማ ናት። አብዛኞቹ ልጆች “ትዝታ ይሁን” አሉ። ለሞተ ጓደኛ ትዝታ፤ ማን እምቢ ይላል? እኔም ልስማማ ነበር። አንዷ የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን፣ “ቲቸር፣ እሱ መች ትዝታ ተጫውቶ ያውቃል?” አለች።

እውነቷን ነው። እሱ ክራር ካነሳ ባቲ ነው፤ ያውም ዴስኩን በእግሩ እየመታ፣ እየሳቀ። በቃ፣ ባቲ ሆነ።

4ቱም ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ) ባለ 5 ድምፅ ናቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ስለዚህ በትዝታ የተቃኘን ክራር ወደ ባቲ ለማዞር ክሮቹን እያጠበቁና እያላሉ መድከም አለ። ልጅቷ ጆሮዋን ክራሩ ላይ ለጥፋ ስትቃኝ፣ ባለማሲንቆው ያቺኑ አንዲት የፈረስ ጭራ ክሩን ይዞ፣ “አልደረሰም እንዴ?” እያለ ይነዘንዛታል።

ግጥሙን በጋራ ጻፉት። መጀመሪያ ላይ ልብ የማይሰበርበት ስንኝ አልነበረም። ብዙውን አወጣነው። በወል ቤት (መስመሩ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ በሚከፈል የግጥም ምጣኔ) ከተጻፉት ውስጥ እኔ የምወደው ይሄን ነው፦

ከሐይቅ ዳር ተቀምጠን የጀመርነው ዜማ፣
አንተ ሳትጨርሰው ማን ጨርሶት ይሰማ።

ካቻምና ሐይቅ ለሽርሽር ሄደን ነበር፤ ዜማውን የጀመሩት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልጁ ዘፈን ሊያልቅ ሲል ይቸኩል ነበር። ሁሌ “ቀስ በል” እለው ነበር፤ አንድም ቀን አልሰማኝም። ባለማሲንቆው “እንደሱ እንጨርሰው” አለ። አብሮ መቸኮል ደግሞ ለብቻ ከመቸኮል ይከብዳል፤ ከበሮው ቀድሞ ይሮጣል፣ ክራሩ ይቀራል። ሚያዝያን የፈጀነው በዚች መጨረሻ ነው።

ለወላጆች ቀን ቀረበ። እናቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ሲያልቅ ወደ ልጆቹ መጥተው “አብሽሩ ልጆቼ” አሉ። ከዚያ ባለክራሯን ልጅ ወደ ጎን ሳብ አድርገው፣ “ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ማን ነገራችሁ?” ብለው ጠየቋት።

ለሚመጣው ዓመት ምዝገባው እንደተለመደው በጥቅምት ነው። የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ስለሚለቁን ማሲንቆና ዋሽንት የሚሞክር እንፈልጋለን። መሣሪያ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የክበቡ ማሲንቆ አንድ ብቻ ነው።